ያልተነካው አውቶሞቢል፦ በኮምቦልቻ በግራ ረድፍ ዝግታ የተጀመረ አንድ አደጋ እና የኃላፊነቱ ጥያቄ

ይህ የጉዳይ ጥናት በኮምቦልቻ ከተማ በአካፋይ በተከፈለ ዋና አስፋልት ላይ የደረሰን አንድ የትራፊክ አደጋ ይመለከታል። በፖሊስ መዝገቡ ላይ ተጋጩ ተብለው የሰፈሩት አንድ የሕዝብ ማመላለሻ ሚኒባስ እና አንድ ባጃጅ ናቸው። ይሁን እንጂ ወደ ግጭቱ ያደረሰው ነገር የተጀመረው ከሁለቱም ጋር ፈጽሞ ባልተነካካ ሦስተኛ ተሽከርካሪ፣ በግራው ረድፍ በዝግታ ይጓዝ በነበረ አንድ አሮጌ አውቶሞቢል ነው። ጉዳዩን የተከታተልኩት ለባጃጁ ባለቤት የሕግ ምክር እሰጥ ስለነበር ሲሆን፣ የባለጉዳዮቹን ማንነት የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ ከጽሑፉ አስቀርቻለሁ። በጽሑፍ እንዳስቀምጠው ያስገደደኝ፣ በምርመራውም በሽምግልናውም ወቅት አብዛኛው ሰው «ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው እንዴት ይጠየቃል?» ብሎ መደነቁ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ሰው እንደሚገምተው ቀላል አይደለም።

የሆነው ነገር

አደጋው የደረሰው ከቀትር በፊት፣ አስፋልቱ ደረቅ በነበረበት ሰዓት ነው። አውቶሞቢሉ ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ወደ ኮምቦልቻ የገባ ሲሆን፣ ያሽከረክሩት የነበሩት በዕድሜ የገፉ፣ በአካባቢው የተከበሩ ጡረተኛ ናቸው። መንገዱ በዚያ ሥፍራ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሁለት ረድፍ አለው። ሰውዬው ወደ ከተማው እንደገቡ ከአካፋዩ ጋር የሚዋሰነውን የግራውን ረድፍ ያዙ፤ ምስክሮች እንደገመቱትም ፍጥነታቸው በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም ነበር። ከኋላቸው ከዚያው ከደሴ ተሳፋሪ ጭኖ የመጣ ሚኒባስ ደረሰባቸው። የሚኒባሱ አሽከርካሪ በተደጋጋሚ ክላክስ አሰማ፤ ረጅም መብራትም አበራ። አውቶሞቢሉ ግን ፍጥነቱንም ረድፉንም አልለወጠም።

እዚህ ላይ ለኋላው ትንታኔ ወሳኝ የሆነ አንድ ዝርዝር አለ። ሚኒባሱ አውቶሞቢሉን መከተል ከጀመረበት ቦታ አንሥቶ ለተወሰነ ርቀት የቀኙ ረድፍ ክፍት ነበር። ይህም ማለት አውቶሞቢሉ ወደ ቀኝ ወጥቶ ግራውን ለመልቀቅ የሚበቃ ቦታ ነበረው ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ በቀኝ በኩል አንድ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ቆሟል፤ ግማሽ አካሉ ከአስፋልቱ ውጭ ሲሆን ግማሹ የቀኙን ረድፍ ይዟል። ከጭነት መኪናው አፍንጫ ጥቂት ሜትሮች አለፍ ብሎ ደግሞ አንድ ባጃጅ ተሳፋሪ ለማውረድ ቆሞ ነበር። ባጃጁ ከጭነት መኪናው ዞር ብሎ ሲያልፍ ወደ መንገዱ ጠርዝ ሙሉ በሙሉ ሳይጠጋ ስለቆመ፣ እርሱም የረድፉን ግማሽ ያህል ይዞ ነበር።

የሚኒባሱ አሽከርካሪ የጭነት መኪናውን ጎን ጨርሶ እንዳለፈ በአውቶሞቢሉ በስተቀኝ ለመቅደም በድንገት ወደ ቀኝ ገባ። ባጃጁን እስከዚያች ቅጽበት ድረስ የጭነት መኪናው ቁመት ጋርዶበታል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያሻግር ብቻ አንድ ሰከንድ ገደማ ስለሚያልፍ፣ በመካከል የነበረው ክፍተት ፍሬኑ መያዝ ሳይጀምር አልቋል። ሚኒባሱ የባጃጁን የኋላ ጎን መታ፤ ከባጃጁ በመውረድ ላይ የነበረች አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ወድቃ የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። ባጃጁ ከጥቅም ውጭ ሊሆን በሚችል ደረጃ ተጎዳ። በሚኒባሱ ውስጥ ከነበሩት ተሳፋሪዎች ከድንጋጤ በቀር ጉዳት የደረሰበት አልነበረም።

አውቶሞቢሉን ያሽከረክሩ የነበሩት አዛውንት ድምፁን ሰምተው ወደፊት ርቀው ቆሙ፤ በእግራቸው ተመልሰውም ተጎጂዋን ወደ ሕክምና ለማድረስ ከረዱት ሰዎች መካከል ነበሩ። ይህን የምጠቅሰው ስለ ሰውዬው ቅንነት ማንም ጥርጣሬ እንዳያድርበት ነው። የትራፊክ ፖሊስ በቦታው ደርሶ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ሲያነሣ የሚኒባሱንና የባጃጁን አቋም፣ የፍሬን ምልክቱንና የተሰበረውን መስታወት ለካ፤ መዘገበም። አውቶሞቢሉ ከግጭቱ ቦታ ርቆ ስለነበር በፕላኑ ላይ አልሰፈረም።

የእያንዳንዱ ወገን ክርክር

የሚኒባሱ አሽከርካሪ በሰጠው ቃል በቀኝ መቅደም ክልክል መሆኑን እንደሚያውቅ አምኗል። የቀኙ ረድፍ ክፍት በነበረበት ርቀት ሁሉ ያላለፈውም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ፣ አውቶሞቢሉ መንገድ ይለቅልኛል ብሎ መጠበቁንና በመጨረሻ ትዕግሥቱ ማለቁን ተናግሯል። ይህ ቃል ለእርሱ ይጠቅማል ብለው የገመቱ ነበሩ። በእኔ አስተያየት ግን ይበልጥ የሚጎዳው እርሱን ነው፤ ክልክል መሆኑን እያወቀ፣ ያውም እይታው በተከለለበት ቦታ ላይ ማድረጉን ያረጋግጣልና።

የአዛውንቱ መልስ ሁለት ክፍል ነበረው። የመጀመሪያው የፍጥነት ክርክር ነው፦ «ከተፈቀደው በታች እንጂ በላይ አልነዳሁም።» ሁለተኛው የቦታ ክርክር ነው። በሽምግልናው ቀን የሚኒባሱ ወጣት አሽከርካሪ «አባቴ፣ ስንት ጊዜ ክላክስ አድርጌልዎት ነበር እኮ፤ ለምን ቀኙን አልያዙልኝም?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ቀኙ እኮ የባጃጅና የጋሪ ነው። ሰው እንዳልገጭ ብዬ ነው ግራውን የያዝኩት» ብለው መለሱለት። በተጨማሪም ወደፊት ካለው የአካፋዩ መክፈቻ ላይ ወደ ግራ ሊታጠፉ አስበው እንደነበር ገልጸዋል። ይሁን እንጂ መክፈቻው ገና ሩቅ ነበር፤ ፍሬቻም እንዳላበሩ እርሳቸው ራሳቸው አልካዱም።

የባጃጁ አሽከርካሪ በበኩሉ ወደ ጠርዝ ያልተጠጋው የጭነት መኪናው ቦታውን ስለያዘበት መሆኑን አስረዳ። ከባጃጁ ፊት ለፊት ቦታ እንደነበረ ፕላኑ ስለሚያሳይ ክርክሩ በከፊል ብቻ ነው የሚያስኬደው፤ ጥቂት ሜትሮች ወደፊት ሄዶ ሙሉ በሙሉ ወደ ዳር መቆም ይችል ነበር። ደንበኛዬ ባለቤቱ ቢሆንም ይህን ሐቅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነግሬዋለሁ።

ጣሪያ የሆነ ፍጥነት እና የረድፍ ግዴታ

አደጋው በደረሰበት ጊዜ ሥራ ላይ የነበረው ሕግ የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208/2003 እና ማሻሻያው ደንብ ቁጥር 395/2009 ነው። ደንቡ ጥፋቶችን በእርከን ከፋፍሎ የገንዘብ ቅጣትና የጥፋት ነጥብ ይጥላል። በከተማ ውስጥ ለቀላል ተሽከርካሪ የተፈቀደው የፍጥነት ወሰን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነበር። አዛውንቱ ከዚህ ወሰን እጅግ በታች ስለነበሩ፣ ፍጥነትን ብቻ ከተመለከትን ምንም ጥፋት የለባቸውም።

ነገር ግን የፍጥነት ወሰን ጣሪያ ነው፤ ከጣሪያው በታች መሆን ብቻውን አሽከርካሪው በየትኛው ረድፍ መሄድ እንዳለበት አይወስንለትም። ኢትዮጵያ በ1956 ከግራ ወደ ቀኝ አነዳድ ከተሸጋገረች ወዲህ መሠረታዊው ደንብ ተሽከርካሪ የመንገዱን ቀኝ ይዞ እንዲጓዝና መቅደምም በግራ በኩል እንዲሆን ነው። እነዚህ ሁለት ግዴታዎች የተቆራኙ ናቸው። መቅደም በግራ ብቻ ነው ከተባለ፣ ግራው ለሚቀድመው ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት፤ ግራውን ያለ ምክንያት ይዞ በዝግታ የሚጓዝ ሰው ከኋላው ያለውን አሽከርካሪ ወይ ያለ ገደብ ተከትሎት እንዲሄድ፣ ወይ በቀኝ ቀድሞ ሕግ እንዲጥስ ያስገድደዋል። መከተል የሚቻል ምርጫ ስለሆነ የሚኒባሱ ጥፋት አይፋቅም። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ሰው ያለበትን ግዴታ የሁለተኛው ሰው ጥፋት አያስቀረውም፤ እንደ እኔ እምነት በምርመራው ወቅት የተዘለለው ይህ ነጥብ ነው።

ሐሳቡ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1968 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቪየና የተደረገው የመንገድ ትራፊክ ኮንቬንሽን ማንም አሽከርካሪ ያለ በቂ ምክንያት ከመደበኛው በተለየ ዝግታ እየነዳ የሌሎችን ጉዞ ማወክ እንደሌለበት ይደነግጋል። በጀርመን ሕግም ቀኝን የመያዝ ግዴታ አለ፤ ያለ በቂ ምክንያት ትራፊክን በሚያውክ ዝግታ መንዳትም የተከለከለ ነው። ለአዛውንቱ ክርክር ይበልጥ የሚቀርበው ግን የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት የተሽከርካሪ ሕግ ነው። በአንቀጽ 21654 መሠረት በቦታውና በሰዓቱ ካለው የትራፊክ መደበኛ ፍጥነት በታች የሚጓዝ ተሽከርካሪ፣ የፍጥነት ወሰኑ ምንም ይሁን ምን፣ የቀኙን ረድፍ ወይም በተቻለ መጠን የመንገዱን ቀኝ ጠርዝ መያዝ አለበት፤ ለመቅደም ወይም ወደ ግራ ለመታጠፍ የሚዘጋጅ ሲሆን ግን ግዴታው አይመለከተውም። ስለዚህ ጥያቄው «ከወሰኑ በላይ ነድተሃል ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «በዙሪያህ ካለው እንቅስቃሴ አንጻር የያዝከው ረድፍ ተገቢ ነው ወይ?» የሚል ይሆናል። የካሊፎርኒያ ሕግ በእኛ ፍርድ ቤት የሚጠቀስ አይደለም፤ የጠቀስኩት ጥያቄውን ጥርት አድርጎ ስለሚያሳይ ነው።

ወደ ግራ የመታጠፍ ሐሳባቸውስ? ለመታጠፍ የሚዘጋጅ አሽከርካሪ አስቀድሞ ግራውን መያዙ ትክክል ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው። ዝግጅት ግን ለሌላው የሚታይ መሆን አለበት፤ የሚታየውም በፍሬቻ ነው። ፍሬቻው በርቶ ቢሆን ኖሮ የሚኒባሱ አሽከርካሪ ከፊቱ ያለው መኪና ለምን እንደዘገየ ያውቅ ነበር፤ ይህን እያወቀ ወደ ቀኝ ቢገባ ደግሞ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የራሱ በሆነ ነበር። መክፈቻው ሩቅ ሆኖ፣ ምልክት ሳይሰጥ፣ ረድፉን ከከተማው መግቢያ ጀምሮ መያዝ ለመታጠፍ መዘጋጀት ነው ለማለት ይከብዳል።

ሐረጎ ያስተማረው አነዳድ

የአዛውንቱን አነዳድ ለመረዳት ከየት እንደመጡ ማየት ያስፈልጋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ይህን ሁሉ ልዩነት የሚወርደው 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ነው። ሐረጎን የሚያውቅ ሰው ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ መውረድ፣ ፍሬን እንዳይሞቅ መጠንቀቅ፣ ከኩርባ በፊት መቀዝቀዝ የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ያውቃል። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ደግሞ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እንኳ የሚበዛበት ጊዜ አለ። በዚያ መንገድ ላይ ዝግታ ሕግን ማክበር ነው፤ የተጫነ የጭነት መኪና ሽቅብ እየተነፈሰ ሲወጣ ከኋላው የተሰለፈ ሁሉ የሚታገሠውም ምክንያቱን ስለሚያይ ነው።

ሐረጎ ላይ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ያለው አንድ ረድፍ ብቻ ነው። እዚያ ለአሽከርካሪው ግራ ማለት ከፊት የሚመጣው ተሽከርካሪ ቦታ እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም። የደሴና የኮምቦልቻ አብዛኛው አሽከርካሪ፣ በተለይም ቀደም ባለው ጊዜ መንጃ ፈቃድ ያወጣው፣ የተማረውም የለመደውም በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ነው። አካፋይ ያለው፣ በአንድ አቅጣጫ ሁለት ረድፍ ያለው አስፋልት በከተሞቻችን ሲዘረጋ፣ የሁለቱ ረድፎች ሥራ የተለያየ መሆኑን ለነባሩ አሽከርካሪ ያስተማረው አካል የለም። በ2007 አገልግሎት በጀመረው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ አዘውትሮ የሚጓዝ ሰው፣ በየአቅጣጫው ሦስት ረድፍ ስላለና የሚዘገየው ወደ ቀኝ እንዲሆን ስለሚጠበቅ ትምህርቱን ከመንገዱ ያገኛል። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሰው ግን ይህን ዕድል አያገኝም። አዛውንቱ ለሐረጎ የሚገባውን ጥንቃቄ ሳይቀንሱ ወደ ከተማው ይዘውት ገብተዋል፤ ጥንቃቄያቸው ያስመሰግናቸዋል፤ የያዙት ረድፍ ግን ለዚያ ጥንቃቄ የተመደበው አልነበረም።

የቦታ ክርክራቸውን ግን በቀላሉ ማጣጣል አይቻልም። «ቀኙ የባጃጅና የጋሪ ነው» ሲሉ ማንኛውም የኮምቦልቻ ነዋሪ በየቀኑ የሚያየውን ነው የተናገሩት። ኮምቦልቻ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው ጭነት የሚያልፍባት፣ ፋብሪካዎችና የኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉባት ከተማ ናት። የረጅም ርቀት የጭነት መኪናዎች ለምግብ፣ ለዕረፍትና ለጎማ ሥራ በመንገድ ዳር ይቆማሉ። ባጃጆች ተሳፋሪ ባዩበት ሁሉ ይቆማሉ፤ ጋሪዎችም በዚያው ጠርዝ ይሄዳሉ፤ የእግረኛ መንገዱ ዕቃ በተደረደረበት ቦታ ደግሞ እግረኛው ራሱ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። በዚህ ሁኔታ የቀኙ ረድፍ ለመጓጓዣ የሚሆነው በቁርጥራጭ ብቻ ነው። ጠንቃቃ ሰው ወደ ግራ የሚሸሸው፣ ከኋላው ካለው መኪና ይልቅ ከፊቱ ድንገት ሊገባ የሚችለው ልጅ ይበልጥ ስለሚያስፈራው ነው። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜም ትክክለኛ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጉዳይ ግን ሚኒባሱ ክላክስ ባሰማበት ርቀት ቀኙ ክፍት ስለነበር፣ ምክንያቱ በዚያች ሰዓትና ቦታ አልነበረም።

ኃላፊነቱን ማከፋፈል

በወንጀሉ በኩል፣ በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 559 በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስን ይቀጣል፤ በሚኒባሱ አሽከርካሪ ላይ የተከፈተው መዝገብም በዚሁ መሠረት ነበር። አዛውንቱ በምስክርነት እንጂ በተጠርጣሪነት አልተጠየቁም። ለዚህ የሕግ ድጋፍ አለ። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 24 በድርጊትና በውጤት መካከል ሊኖር የሚገባውን የምክንያትና ውጤት ግንኙነት ሲደነግግ፣ በመካከል የገባው ሌላ ምክንያት ብቻውን ውጤቱን ለማምጣት በቂ ከሆነ የመጀመሪያው ድርጊት ከውጤቱ ጋር ያለው ግንኙነት እንደሚቋረጥ ይገልጻል። እይታ በተከለለበት ቦታ በቀኝ ለመቅደም በድንገት መግባት ብቻውን ግጭቱን ለማድረስ በቂ ነው። ስለዚህ በወንጀል ረገድ አዛውንቱን አለመክሰሱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። በደንቡ መሠረት የረድፍ ጥፋት ተብሎ የሚመዘገብ ነገር ሊኖር ይገባ ነበር ወይ የሚለው ግን የተለየ ጥያቄ ነው፤ እንዲህ ያለው ጥፋት ሲመዘገብ በግሌ አይቼ አላውቅም።

የፍትሐ ብሔሩ ክፍል ይበልጥ ውስብስብ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንዲሆን ያደርጋል። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ደግሞ አንቀጽ 2084 ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምትና እያንዳንዱ ባለቤት የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ እንዲሸከም ይደነግጋል። ግምቱ የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በዋነኛነት በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። የሚኒባሱ ወገን በመጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ በዚህ ግምት ላይ የቆመ፣ ግማሽ በግማሽ የሚል ነበር። እኛ የተከራከርነው የሚኒባሱ ጥፋት ዋነኛው መሆኑን ነው፤ የባጃጁ አቋቋም ጉድለት ቢኖርበትም ወደ ቀኝ መግባቱ ባይኖር ኖሮ ግጭቱ አይደርስም ነበርና።

አውቶሞቢሉ በዚህ ሥሌት ውስጥ የት ይገባል? ስላልተጋጨ አንቀጽ 2084 አይመለከተውም። በአንቀጽ 2081 መሠረት ያልተነካካ ተሽከርካሪ ጉዳት «አደረሰ» ማለት ይቻላል ወይ የሚለው ብዙ የሚያከራክር ነው። እኔ ይበልጥ ቀጥተኛ ሆኖ ያገኘሁት መንገድ የአንቀጽ 2028 እና የአንቀጽ 2035 ነው። የመጀመሪያው በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ ያዛል፤ ሁለተኛው ግልጽ የሆነ የሕግ ወይም የደንብ ድንጋጌን መጣስ ራሱ ጥፋት መሆኑን፣ ሕጉን አለማወቅም ይቅርታ እንደማያሰጥ ይደነግጋል። ቀኝን የመያዝ ግዴታ እንዲህ ያለ ግልጽ ድንጋጌ ነው። ለአንድ ጉዳት ብዙ ሰዎች ኃላፊ ሲሆኑ ደግሞ በአንቀጽ 2155 መሠረት ለተጎጂው በአንድነት ይጠየቃሉ፤ ድርሻቸውን እርስ በርሳቸው ማከፋፈሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። የእጅ አንጓዋ ለተሰበረው ሠራተኛ ይህ ድንጋጌ ትልቅ ዋጋ አለው፤ የሦስቱን ጥፋት መዝና ማን ምን ያህል እንደሚከፍላት የማስላት ሸክም በእርሷ ላይ አይወድቅምና።

በወንጀሉ የተቋረጠው ግንኙነት በፍትሐ ብሔሩ ሊቀጥል መቻሉ አንዳንድ ሰዎችን ግራ አጋብቷል። ሁለቱ ሕጎች የሚጠይቁት ግን የተለያየ ነገር ነው፤ አንደኛው የሚቀጣውን ሰው ሲፈልግ ሌላኛው የደረሰው ኪሳራ በእነማን መካከል መከፋፈል እንዳለበት ያያል። በእኔ ሚዛን የጥፋቱ አብዛኛው የሚኒባሱ፣ ቀጥሎ የባጃጁ፣ ከዚያም የአውቶሞቢሉ ነው። የመጨረሻው ድርሻ ትንሽ ቢሆንም የሚናቅ አይደለም።

ስምምነቱ

የካሳ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በአንቀጽ 2143 ይርጋ ስለሚታገድ ክሱን አዘጋጅተን ነበር። ከዚያ በፊት ግን በወሎ ልማድ ሽማግሌዎች ገቡ። የሚኒባሱ ባለቤት ኢንሹራንስ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ከተደነገገው የሦስተኛ ወገን ሽፋን የባጃጁን ጥገና አብዛኛውን ክፍል እንዲሸፍን፣ የቀረውን የባጃጁ ባለቤት እንዲሸከም ተስማማን። ደንበኛዬ ይህን የተቀበለው አሽከርካሪው ወደ ዳር አለመጠጋቱን በማመን ነው። የሠራተኛዋ የሕክምና ወጪ ከዚያው ሽፋን ተከፈለ።

ያልተፈታው፣ እጇ እስኪድን ከሥራ የቀረችበት ጊዜ ገቢዋ ነበር። የሚኒባሱ ወጣት አቅም እንደሌለው ግልጽ ነበር። በዚህ ጊዜ አዛውንቱ፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ የዚህን ግማሽ እንደሚከፍሉ ተናገሩ። አንደኛው ሽማግሌ «እርስዎ እኮ አልገጩም» ሲሏቸው «አልገጨሁም፤ መንገድ ግን አልለቀቅኩም» አሉ። በስምምነቱ ሰነድ ላይ ክፍያው እንደ ልገሣ እንዲሰፍር የፈለጉ ነበሩ፤ እኔ ግን እንደ ኃላፊነት ድርሻ እንዲጻፍ ተከራክሬ እርሳቸውም ስለተስማሙ በዚያው ተጻፈ። ይህን ያደረግሁት ሰውዬውን ለመውቀስ አይደለም፤ ግራውን ያለ ምክንያት ይዞ መጓዝ ጥፋት መሆኑ ቢያንስ በአንድ ሰነድ ላይ መስፈር አለበት ብዬ ስላመንኩ ነው።

በዚህ ሁሉ ሂደት አንድ ተጠያቂ ሙሉ በሙሉ አምልጧል። እርሱም ግማሽ አካሉን በረድፉ ላይ አድርጎ የቆመው የጭነት መኪና ነው። የባጃጁን አቋቋም ያበላሸው፣ የሚኒባሱን እይታ የጋረደው፣ አዛውንቱም ቀኙን እንዳያምኑት ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ የሆነው እርሱ ነው። ፕላን እስኪነሣ ድረስ ተነሥቶ ስለሄደ የሰሌዳ ቁጥሩን የመዘገበ ሰው የለም። አሽከርካሪው በአደጋው ውስጥ እጁ እንዳለበት እንኳ ሳያውቅ አይቀርም። የሦስቱን ባለጉዳዮች ድርሻ ደምረን መቶ ስንሞላ የእርሱን ድርሻ ለሦስቱ አካፍለን እንዳሸከምናቸው ይሰማኛል፤ ይህን ለማስተካከል ግን ማስረጃ አልነበረንም።

ከስምምነቱ በኋላ ለሚመለከተው የከተማው ክፍል በጽሑፍ ያቀረብኩት ሐሳብ ሦስት ነገር የያዘ ነው። የመጀመሪያው በዚያ የመንገድ ክፍል የጭነት መኪናዎች በቀን እንዳይቆሙ ምልክት እንዲተከልና በከተማው መግቢያ ላይ ለማረፊያ የሚሆን ቦታ እንዲለይላቸው ነው፤ ቦታ ሳይሰጡ መከልከል ችግሩን ወደሚቀጥለው ሰፈር ከመግፋት የዘለለ ውጤት የለውም። ሁለተኛው የባጃጅ መጫኛና ማውረጃ ሥፍራዎች ከረድፉ ውጭ እንዲዘጋጁ ነው። ሦስተኛው ከሐረጎ ወደ ከተማው በሚያስገባው መንገድ ላይ፣ አካፋዩ ከሚጀምርበት ቦታ አስቀድሞ፣ ዝግ ብሎ የሚጓዝ ወደ ቀኝ እንዲይዝ የሚያሳስብ በአማርኛ የተጻፈ ሰሌዳ እንዲቆም ነው። ቅደም ተከተሉን ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው፤ ቀኙ ሳይጸዳ ሰሌዳውን ብቻ ማቆም ጠንቃቃውን አሽከርካሪ ወደ ቆመ የጭነት መኪናና ወደ እግረኛ መሐል መግፋት ይሆናልና።